የምስል እውነተኛነት፦ የብሪታንያ ቀደምት የዲዝል ባቡሮችና ሞዴሎቻቸው

አንድ ምስል እውነተኛ የሚባለው ከሚመስለው ነገር ምን ያህሉን ሲይዝ ነው? ይህ ጥያቄ ከፕላቶ ዘመን ጀምሮ ሲመረመር ኖሯል። ተሠርተው ባለቁ የባቡር ሞዴሎች ላይ ግን መልሱን በሚሊ ሜትር መለካት ይቻላል። እነዚህ ሞዴሎች ገዥው ምንም ሳይገጣጥም ከካርቶናቸው አውጥቶ ሐዲድ ላይ የሚያስኬዳቸው ናቸው። የብሪታንያን ቀደምት የዲዝል የመንገደኛ ባቡሮች ተከትለው የተሠሩት ደግሞ ጥያቄውን ከብዙ አቅጣጫ ያሳያሉ።

ግሬት ዌስተርን የተባለው የብሪታንያ የባቡር ኩባንያ የመጀመሪያውን የዲዝል ፉርጎ ሥራ ያስጀመረው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ፉርጎው ጎታች ሳያስፈልገው በራሱ ሞተር ይሄድ ነበር፤ በዓይነቱ በኢትዮጵያና በኤርትራ ሊቶሪና ይባል ከነበረው ጋር ይዛመዳል። የነፋስን ግፊት ለመቀነስ ክብ ሆኖ የተቀረጸው አካሉ «የሚበር ሙዝ» የሚል ቅጽል ስም አሰጠው። እስከ 1942 ድረስ በጠቅላላው 38 እንዲህ ያሉ ፉርጎዎች ተሠሩ፤ የኋለኞቹ ክብነቱ ቀርቶላቸው ማዕዘን ያላቸው ሆኑ። የባቡር ኩባንያዎቹ በ1948 የመንግሥት ንብረት ከሆኑ በኋላ፣ በ1954 በደርቢ የተሠሩ ቀላል የአሉሚኒየም ባቡሮች በሊድስና በብራድፎርድ አካባቢ ሥራ ጀመሩ። በ1955 የወጣው የዘመናዊነት ዕቅድ እንፋሎትን በዲዝልና በኤሌክትሪክ ለመተካት ሲወስን፣ ሜትሮ ካሜልን የመሰሉ ፋብሪካዎችም ብዙ ባቡሮችን አከታትለው አወጡ። የእነዚህ ባቡሮች ሞተር ከወለሉ በታች ነበር፤ የነጂው ክፍልም በሁለቱም ጫፍ ስለነበር የመስመሩ መጨረሻ ላይ ጎታች ማዞር ቀረ። ከነጂው ጀርባ የተቀመጠ ተሳፋሪ በመስታወቱ አሻግሮ የፊቱን ሐዲድ ማየት ይችል ነበር።

ሞዴሎቹም ብዙ ሳይዘገዩ ተከተሉ። ትራይአንግ የተባለው ሞዴል ሠሪ የሜትሮ ካሜልን ባቡር በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ብሉ ፑልማን የተባለውን የቅንጦት ባቡር ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ አቀረበ። የጣሊያኑ ሊማ የግሬት ዌስተርንን ፉርጎ ሠራ፤ በኋላም ባክማን የተባለው ኩባንያ የደርቢን ባቡሮችና ብሉ ፑልማንን ከቀድሞዎቹ በእጅጉ በረቀቀ ዝርዝር አወጣ።

ፕላቶ «ሶፊስት» በተባለው ሥራው ምስል የመሥራትን ጥበብ በሁለት ይከፍላል። አንደኛው የዋናውን ነገር መጠን በርዝመት፣ በወርድና በቁመት ሳያዛባ ይጠብቃል። ሁለተኛው ለተመልካች ዓይን ትክክል መስሎ እንዲታይ መጠኑን ሆን ብሎ ይለውጣል፤ ትልቅ ሐውልት የሚሠሩ ሰዎች ከታች ሆኖ ለሚያየው ሰው እንዳይዛባበት የላይኛውን ክፍል አግዝፈው እንደሚቀርጹት ማለት ነው። ፕላቶ የመጀመሪያውን ምስል፣ ሁለተኛውን ማስመሰል ይለዋል። በዚህ መለያ ከተኬደ የባቡር ሞዴል የልኬት ሥራ ነውና ከመጀመሪያው ወገን ሊመደብ ይገባዋል። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም።

በብሪታንያ በብዛት የሚሸጠው የሞዴል ባቡር መጠን ከዋናው 76 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። የዋናው ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የሞዴሉ 18.83 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት፤ የሚሸጠው ሐዲድ ግን 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ወደ ዋናው መጠን ሲመለስ 1,257 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ማለትም ባቡሩ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል በጠበበ ሐዲድ ላይ ቆሟል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የብሪታንያ ባቡሮች ከአውሮፓ አህጉር ባቡሮች ጠበብ ያሉ በመሆናቸው፣ የቀድሞዎቹ የሞዴል ሞተሮች በአህጉሩ የሞዴል ልኬት በተሠራ የብሪታንያ ባቡር አካል ውስጥ አልገባ አሉ። ስለዚህ አካሉ ተለቀ፤ ሐዲዱ ግን በአህጉሩ ልኬት እንዳለ ቀረ። አንዳንድ አፍቃሪዎች ይህን ለማረም 18.83 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በእጃቸው ይዘረጋሉ፤ የሚበዙት ግን ፋብሪካው ከሰጣቸው ጋር ይኖራሉ።

ጉድለቱ በሐዲዱ አያበቃም። በሰፊው ከሚሸጡት ኩርባዎች ጠባቡ 371 ሚሊ ሜትር ራዲየስ አለው፤ ይህ በዋናው መጠን ሲሰላ 28 ሜትር ያህል ነው። ረጅም የመንገደኛ ፉርጎ እንዲህ ባለ ጠባብ ኩርባ አይዞርም። ሞዴሉ እንዲዞር ግን በፉርጎዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ፣ የመንኮራኩሩ ጠርዝም ወፈረ። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ሞተሩ የተቀመጠው ተሳፋሪ ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ ስለነበር፣ የእነዚህ ባቡሮች ልዩ ውበት የሆነው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሳይ መስኮት ተደፈነ። ከዚህ እንደሚታየው የባቡር ሞዴል ሦስት ግዴታዎች አሉበት፦ ለልኬት መታመን፣ ለዓይን መምሰልና መሄድ። አንዱን ሙሉ በሙሉ ሲፈጽም ከሌላው ይጎድልበታል። ፕላቶ የለያቸው ሁለቱ ጥበቦች እዚህ በአንድ ዕቃ ላይ ተደባልቀዋል።

ታዲያ ሞዴሉ ሐሰተኛ ነው? ለዚህ የሚሻለው መልስ በዚያው በፕላቶ «ክራቲለስ» ውስጥ ይገኛል። አንድ አምላክ የሶቅራጥስን ተነጋጋሪ የክራቲለስን መልክና ቀለም ብቻ ሳይሆን ነፍሱንና አሳቡን ጭምር ቢቀዳ፣ የሚገኘው ሁለት ክራቲለስ እንጂ ክራቲለስና ምስሉ እንዳልሆነ ሶቅራጥስ ያስረዳል። ምንም የማይጎድለው ምስል ምስልነቱ ይቀራል። 1,435 ሚሊ ሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ የሚሄድ፣ ናፍጣ የሚያቃጥል፣ ሰው የሚጭን ሞዴል ሌላ ባቡር ነው። ስለዚህ የምስል እውነተኛነት ባለመጉደሉ ሊመዘን አይችልም፤ የሚመዘነው ምን እንደጎደለውና ለምን እንደጎደለው ነው።

ጊዜም ከሚጎድሉት አንዱ ነው። ለምሳሌ ዋናው የሜትሮ ካሜል ባቡር ከአርባ ዓመት በላይ ሲያገለግል ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ግንባሩም መጀመሪያ በከፊል፣ በኋላ በሙሉ ቢጫ ሆኗል። ሞዴሉ ከእነዚህ ዘመናት አንዱን ብቻ ይይዛል። የ1958ቱ መልክ ላይ የ1966ቱን ቀለም የደረበ ሞዴል፣ እያንዳንዱ ክፍል በልኩ ቢሠራም እንኳ፣ ያልነበረን ነገር ይመሰክራል። እዚህ ላይ ስሕተቱ የመጉደል ሳይሆን የመጨመር ነው፤ የሚከፋውም ይኸኛው ነው። ብሉ ፑልማን በ1973 ከአገልግሎት ወጥቶ አንድም ሳይቀር ተሰባብሯል። ዋናው በሌለበት የሞዴሉን ቃል የሚያርም ነገር ከሥዕላዊ ዕቅዶችና ከፎቶግራፎች በቀር የለምና፣ የሠሪው ኃላፊነት ያኔ ይከብዳል።

በእጁ የሚሠራ ሰው የሚተወውን ራሱ ይመርጣል። ተሠርቶ ያለቀ ሞዴል የሚገዛ ሰው ግን ፋብሪካው ለሺዎች በአንድ ጊዜ የመረጠውን ይወርሳል፤ ጉድለቱንም ሳያውቅ እንደ እውነት ሊቀበለው ይችላል። ይህ ሞዴሉን አያስነቅፈውም። ለሚሄድበት ኩርባ ሲባል ልኬቱን የለቀቀ ሞዴል፣ የለቀቀው ነገር በግልጽ እስከታወቀ ድረስ፣ ታማኝ ምስል ነው። የጎደለውን የደበቀ ወይም ያልነበረውን የጨመረ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ምስልነቱ ሐሰት ነው። ስለዚህ ሠሪው የለወጠውን ሊናገር፣ ገዥውም ሊጠይቅ ይገባል።