የተረፈችው ብሎን

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚለው የአባቶች ተረት በማስተዋል ሲመረመር ሁለት ነገር ይዞ ይገኛል። መሳሙን አልነቀፈም፤ መሳም የፍቅር ሥራ ነውና። የነቀፈው ዕውቀት የጐደለውን ፍቅር ነው። ከዚህም አንድ ጥያቄ ይወለዳል፤ በቅን ልብ ተነሥቶ ባለማወቅ ያበላሸ ሰው በደለኛ ነውን? በደለኛስ ከሆነ በደሉ የሚጀምረው ከየት ላይ ነው? ይህን ጥያቄ በሐኪምም በዳኛም ላይ መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን ከሣቅ ጋራ ተቀላቅሎ የሚገኘው፥ መካኒክ ሳይሆን የአውቶሞቢሉን ሞተር በገዛ እጁ በሚፈታ ሰው ላይ ነው።

አስቀድሞ ግን መሞከር ራሱ ነውር እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌ የምትባለውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ የምድር ባቡሩ ገና ድሬ ዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ በመንገዱም ላይ ጋራዥ የሚባል ነገር አልነበረም። በበረሓ የተሰበረውን እዚያው በበረሓ መጠገን ግድ ነበር። ኋላም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የጣሊያን መኪናዎች በአገሩ መንገድ ሁሉ ሲመላለሱ፥ የአገር ልጅ በማየትና በመንካት ሙያውን ለመደ። ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ቴስታታ፥ ካቻቢቴ የሚባሉት ቃላት እስከ ዛሬ በመካኒኮች አፍ መኖራቸው ለዚህ ምስክር ነው። ዛሬም መለዋወጫ ውድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፥ ባለ አሮጌ ሞተር ሁሉ ያለውን አጥብቆ ይዞ ይጠግናል። ስለዚህ ያልተማረ እጅ ቁልፍ ቢጨብጥ ድፍረት ብቻ ሳይሆን ችግርም አስተምሮት ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን በጉልህ ለማየት በኩየራ የሚኖር አንድ መምህር በምሳሌ ይታሰብ። ኩየራ በሚስዮን ትምህርት ቤቷና በሆስፒታሏ የታወቀች፥ ከሻሸመኔ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር የምትርቅ ከተማ ናት። ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና በዝዋይ አድርጎ ወደ እርስዋ የሚመጣ ሰው፥ ከላንጋኖ ሐይቅ ዳር እስከ አርሲ ነገሌ ዳገት ይገጥመዋል። የመምህሩም አውቶሞቢል ሁልጊዜ በዚያ ዳገት ላይ እንደ ቡና ጀበና ትንተከተካለች። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የራዲያተሯ ክዳን ጠፍቶ ነበር።

መምህሩ ግን ክዳን ማለት አቧራ መከልከያ መሰለው። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ93 ዲግሪ ግድም እንደሚፈላ፥ ክዳኑም ግፊቱን አፍኖ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርግ መሆኑን አላሰበም። ስለዚህ የአገሩን ፍሬ አንድ ወፍራም ድንች በቢላዋ ቀርጾ አፉን ወተፈው። አውቶሞቢሏ አርሲ ነገሌ ገበያ ስትደርስ ድንቹ ግማሽ በስሎ እንደ ጥይት ተፈናጠረና ከአንድ ሱቅ ቆርቆሮ ላይ ዐረፈ፤ የገበያውም ሰው «የጐደለው ጨው ብቻ ነው» እያለ ሣቀ።

በዚህ ቢቆም መልካም ነበር። ነገር ግን ሞተሩ እየጋለ ስለ ቆየ በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፤ መምህሩም ይህን ራሴ እለውጣለሁ ብሎ በግቢው ምንጣፍ ዘርግቶ ተነሣ። በኩየራ አጥር ሥር ሞተር ሲከፈት ብቻውን የሚቀር ሰው የለም፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ፤ መኪና ነድቶ የማያውቀው ሰው ከሁሉ ይልቅ ምክር አበዛ። አንዱ «በመዶሻ ቀስ ብለህ ምታው» አለ፤ ሁለተኛው «ቀስ ብሎ የሚመታ መዶሻ የለም» ብሎ ተከራከረው፤ ሦስተኛው ደግሞ የአጎቱ ልጅ መካኒክ መሆኑን እያስታወሰ ዝም ብሎ ብቻ ራሱን ነቀነቀ።

መምህሩ ፈታ፥ ጠረገ፥ ገጠመ። አራቱን የካንዴላ ሽቦዎች ግን ሲፈታ ምልክት አላደረገባቸውም ነበር። አራት ሽቦ በአራት ካንዴላ ላይ በ24 ዓይነት መንገድ ሊሰካ ይችላል፤ ከነዚህ ውስጥ ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው። በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር እሳቱ የሚደርሰው በ1፥ በ3፥ በ4፥ በ2 ተራ ነው፤ መምህሩ ግን ልጆችን እንደሚያስቈጥር በ1፥ በ2፥ በ3፥ በ4 ሰካው። ቁልፉን ሲያዞር እንደ መድፍ ያለ ድምፅ ወጣ፤ ዶሮዎች አጥር ዘለሉ፤ መካሪዎቹም ከዶሮዎቹ ቀደሙ። በመጨረሻ አንድ ተማሪ ተራውን አስታውሶ ነገረውና ሞተሩ ተነሣ። እልልታ ሆነ።

እልልታው ሳይበርድ መምህሩ ወደ ምንጣፉ ቢመለከት አንዲት ብሎን ቀርታለች።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። እስከዚህች ደቂቃ ድረስ የሆነው ሁሉ የሣቅ ነገር ነው፤ ድንቹም፥ ተኩሱም የመምህሩን ክብርና ኪስ እንጂ ሌላ ሰው አልጐዱም። በሉቃስ ወንጌል ግንብ ጀምሮ መፈጸም ስላቃተው ሰው በተነገረው ምሳሌም የሰውየው ዕዳ መሣቂያ መሆን ነው። ነገር ግን ብሎኗ ከታየች በኋላ አለማወቁ እንደ ቀድሞው አይደለም። ቀድሞ አለማወቁን አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ዐወቀ። እነሆ በልቡ ውስጥ አንድ ድምፅ «ፋብሪካው ትርፍ ጨምሮ ይሆናል፤ ኪስህ ክተታት» ይለዋል።

በዚያው ሰዓት አንዲት አሮጊት ጎረቤት እልልታውን ሰምተው መጡና፥ «ልጄ፥ እንኳን ተነሣልህ! ልጄ ሐዋሳ ታማ ተኝታለች፤ እባክህ አድርሰኝ» አሉት።

መምህሩ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ እጁን ዘረጋና፥ «እማማ፥ ይህች ብሎን ተርፋኛለች፤ ከየት እንደ ወጣች አላውቅም። እኔ በማላውቀው ነገር ላይ እርስዎን አላሳፍርም፤ ሌላ መኪና ልፈልግልዎ» አለ።

አሮጊቷም ተገርመው፥ «ከጐደለ የተረፈ አይሻልም?» ብለው ጠየቁ።

ሰው ሁሉ ሣቀ። ነገር ግን የእናቲቱ ጥያቄ ከሣቁ ይልቅ ጥልቅ ነው። በእንጀራ የተረፈ በረከት ነው፤ በሞተር ግን በእጅ የተረፈው ከውስጥ የጐደለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሁለቱን እያሳሳተ፥ የጐደለበትን እንደ ትርፍ ቈጥሮ ይኖራል።

መምህሩ በማግሥቱ መኪናዋን አስጐትቶ ሻሸመኔ ወሰዳት። መካኒኩ ብሎኗን አገላብጦ አየና ሣቀ፤ የጭስ መውጫውን ሙቀት የምትጋርድ ቆርቆሮ ማሰሪያ ነበረች። ብትቀርም ቆርቆሮው ይንኳኳል እንጂ ለሐዋሳ መንገድ ምንም አትከለክልም ነበር። የሰፈሩም ሰው ይህን ሲሰማ፥ «እንግዲያ በከንቱ ዐፈረ፤ እናቲቱም በከንቱ ሌላ መኪና ጠበቁ» አለ።

ይህ ፍርድ ግን ልክ አይደለም። የሰው ሥራ የሚመዘነው ኋላ በተገኘው ውጤት ብቻ ከሆነ፥ ፍሬኑ የላላ መኪና ሰው ጭኖ በደኅና የገባ ሹፌር ጻድቅ ሊባል ነው። እርሱ ግን ከሞት ያመለጠው በዕድል እንጂ በጥንቃቄ አይደለም፤ በደሉም አልቀለለም፤ ሳይታይለት ቀረ እንጂ። እንደዚሁም መምህሩ ብሎኗን በዘረጋበት ሰዓት የፍሬን ትሁን የቆርቆሮ አያውቅም ነበር። የእናቲቱን ሕይወት ባላወቀው ነገር ላይ አለመወራረዱ ስለ ቆርቆሮ ብሎንም ቢሆን ያው ጽድቅ ነው።

አንዳንድ ሰው ምናልባት፥ «እንዲህ ከሆነ ማንም ሳይማር አይንካ» ይል ይሆናል። ይህም ትክክል አይመስልም። ሳይነካ የተማረ መካኒክ የለም፤ የዛሬውም አዋቂ የትናንት ብሎን አስተራፊ ነው። መምህሩ በገዛ ሞተሩ ላይ ድንች ቢወትፍ፥ ሽቦ ቢያሳስት፥ የተማሪ ሥራ ሠራ፤ የትምህርቱንም ዋጋ ራሱ ከፈለ። ዋጋውን ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዲከፍል ባደረገ ጊዜ ግን ያው ሥራ በደል ይሆናል። ድንበሩም በምንጣፉ ላይ ታይቷል፤ አለማወቅ ሲገለጥ ወይ ለሰው ይነገራል፥ ወይ ኪስ ይገባል።

መናገሩ የሚከብደው ብሎን ስለሚከብድ አይደለም፤ እልልታውን መልሶ መስጠት ስለሚከብድ ነው። ሁሉ ሰው «ዐወቀ» ባለበት ሰዓት «አላውቅም» ማለት ከቴስታታ ማንሣት ይልቅ ጉልበት ይጠይቃል። አላዋቂው ሳሚም ፍቅሩን እንዲተው አልተመከረም፤ ከመሳሙ በፊት አፍንጫውን እንዲጠርግ ነው እንጂ። እናቲቱ ከሐዋሳ ሲመለሱ ልጃቸው እንደ ተሻላት ነግረውት፥ «ደግሞ ምን ተረፈህ?» ብለው ጠየቁት፤ እርሱም ዐፍሮ ሣቀ። በሚቀጥለውም ሳምንት ያለ አንዳች ፍርሃት ገብተው ከጐኑ ተቀመጡ።