«ጎመን በጤና» ማለት የሚገባው ማን ነው?

«ጎመን በጤና» ይላል ያገራችን ሰው። ሥጋውና ቅቤው ቢቀርብኝም ሰላምና ጤና ካለኝ ጎመኑ ይበቃኛል ማለቱ ነው። አባባሉ በጥቂት መርካትን ያስተምራልና መልካም ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይህን ቃል ሊናገር የሚገባው ሥጋውን መብላት ሲችል የተወው ነው ወይስ ከጎመን በቀር ምንም የሌለው?

ንፍሮን እንመልከት። ስንዴው፣ ባቄላውና ሽምብራው በውኃ ተቀቅሎ በጨው የሚበላ ነው፤ ከዚህ የቀለለ ምግብ አይገኝም። በለቅሶ ቤት ሐዘንተኛውን ለማጽናናት የመጣ ሁሉ ከእርሱ ይዘግናል፤ በጸሎተ ሐሙስም ዘመዱ የሆነው ጉልባን በየቤቱ ይቀርባል። ባለጸጋውና ድኻው ከአንድ ሰፌድ ሲዘግኑ ልዩነታቸው ለጥቂት ጊዜ ይሰወራል። ነገር ግን ባለጸጋው በማግሥቱ ወደ ወጡ ይመለሳል፤ ድኻውን ነገም የሚጠብቀው ያው ንፍሮ ነው። ምግቡ አንድ ሲሆን የተበላበት ምክንያት ሁለት ነው።

ይህ ልዩነት እስከ ምን እንደሚደርስ ጓያ ያሳየናል። ጓያ ድርቅንም ውኃ የሚተኛበትን መሬትም የሚችል፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነ ጥራጥሬ ነው። ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ አልፎ አልፎ ሲበላ እምብዛም አይጎዳም። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው ሰብል ሲደርቅና ለወራት እርሱ ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባነቱም አይድንም። በ1989 ዓ.ም. ገደማ ከድርቅ በኋላ በወሎ፣ በደላንታና በዳውንት አካባቢ ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ተጎድተዋል። በጎተራቸው የቀረው ጓያ ብቻ ነበርና ምርጫ አልነበራቸውም። ለአንዱ ለጣዕም የሚቀመስ ሽሮ የሆነው ለሌላው እግሩን የከፈለበት እራት ሆነ።

እንግዲህ እኛ ጠግበን ሳለን «ድኻ በጥቂት ይደሰታል» ብለን ስናመሰግነው ምስጋናችን ከኃላፊነት መሸሻ እንዳይሆን ልንጠነቀቅ ይገባል። በጥቂት መርካት ምግባር የሚሆነው ብዙውን መተው ለሚችል ሰው ነው። የሌላውን ዕጦት ግን ምግባር ብለን ልንሰይምለት አይገባንም።

ታዲያ ያጣ ሰው የሚመርጠው ነገር የለውምን? አለው፤ መልሱም «እንብላ» በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛል። በአውቶቡስ ከአጠገባችን የተቀመጡት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቆሎ ፈትተው ለማያውቁት ሰው ሳይዘግኑለት አይቆረጥሙም። ምግባቸውን አልመረጡትም፤ ማካፈሉን ግን መርጠዋል።

ስለዚህ የምግብ ቅለት በራሱ ማንንም አያጸድቅም። በጾም ወራት ከማዕዳችን የቀነስነው ወደ ጎረቤታችን ማዕድ ካልደረሰ ቁጠባ ሆኖ ይቀራል። «ጎመን በጤና» የሚለውም ቃል በአፋችን እውነት የሚሆነው ጎረቤታችንም ከጎመን ሌላ የሚመርጠው እንዲኖረው የድርሻችንን ስናደርግ ነው።