የመሸበት ማን ነው?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ ከተማይቱ ሁለተኛ ቀኗን ትጀምራለች። ጠዋት በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን አስጠግተው ቆሮሶና አምባዛ የሚያወርዱበት ዳርቻ፣ ማታ የመብራትና የሙዚቃ ሥፍራ ይሆናል። አዲስ ምግብ ቤት በሚመረቅበት ምሽትማ ድምቀቱ የተለየ ነው። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ቡና ይፈላል፤ የተጠበሰው ዓሣና የሲዳማው ቡርሳሜ በየገበታው ይቀርባል። ባለቤቱ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ይላል፤ ተጋባዡም «እንኳን ደስ ያለህ» ሲል ይመልሳል። በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ያልፋል። ሰው ከፍሎ በሚስተናገድበት ቤት ውስጥ እንግዳው ማን ነው? የእንግዳ አቀባበል ግዴታስ በማን ላይ ይወድቃል?

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ የእንግዳ ሕግ ከገበያ ሕግ የቀደመ ነው። በመንገድ ላይ ሳለ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ የቤቱ ጌታ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ውሃ አቅርቦ እግሩን ያሳጥበዋል፤ ካለውም ያካፍለዋል። ለመንገደኛው ይህን መብት ያስገኘለት ሀብቱ ወይም ማዕርጉ ሳይሆን መምሸቱ ብቻ ነበር። ከዚህም የተነሣ ምግብን በገንዘብ መሸጥ ለብዙ ዘመን እንደ ነውር ይታይ ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፣ ሰውን ከፍሎ መመገብ ማስለመዱ ቀላል እንዳልነበረ ይነገራል።

ሐዋሳ ይህን ጥያቄ ከሌሎች ከተሞች ይበልጥ ልታነሣ የሚገባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረችው ሐዋሳ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አድጋ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ሆናለች። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በዩኔስኮ መዝገብ በሰፈረበት በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማይቱ ጎረፉ። አንዷ እንጀራዋን ከስፌት መኪና ላይ፣ ሌላዋ ከምግብ ቤት ትሪ ላይ ትፈልጋለች። እንግዶችን የምታስተናግደውም ብዙ ጊዜ ራሷ ለከተማይቱ እንግዳ የሆነችው ወጣት ናት።

ስለ ማታ ሕይወት ሁለት አስተያየቶች ሲጋጩ ይሰማል። የመጀመሪያው፣ ምሽት ቤት የሥነ ምግባር ጠንቅ ስለሆነ በጊዜ ይዘጋ የሚል ነው። ለዚህ ታሪክ ራሱ መልስ ሰጥቶበታል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታውጆ ሳለ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ጭፈራ አልቆመም፤ ሰዓቱ ያለፈበት ታዳሚ በር ተዘግቶበት ከባንዱ ጋር ያነጋ ነበር። ደስታ በቁልፍ አይጠፋም። ከዚህም በላይ በሩ ቢዘጋ አስተናጋጇ እንጀራዋን ታጣለች እንጂ ክብር አታገኝም።

ሁለተኛው አስተያየት፣ የከፈለ ሰው ግዴታውን ተወጥቷል የሚለው ነው። የዚህኛው ስሕተት ረቀቅ ያለ ነው። ገንዘብ የወጡንና የመጠጡን ዕዳ ይዘጋል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ግን አይዘጋም። ለዚህ ቋንቋው ራሱ ምስክር ነው። ጉርሻ ማለት አስቀድሞ በፍቅር ጠቅልለው በሌላው አፍ የሚያኖሩት ምግብ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ለአስተናጋጅ የሚተዉትን ሳንቲም ያመለክታል። ሕዝቡ ለዚህ ሳንቲም ስም ሲፈልግ የንግድ ቃል አላወጣም፤ ከማዕዱ ቃል ተዋሰ እንጂ። በሂሳቡ ላይ ያልሰፈረ አንዳች ዕዳ እንደሚቀር ያውቅ ነበርና።

ያ ዕዳ ምን እንደሆነ የሚታየው ምሽቱ ሲያበቃ ነው። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ደንበኛው መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። ሙዚቀኛው መሣሪያውን ይሰበስባል። አስተናጋጇ ወንበሩን በጠረጴዛው ላይ ገልብጣ፣ ጫማዋን ቀይራ በር ላይ ትቆማለች። ባጃጁ ቀንሷል፤ የተገኘውም የሌሊት ዋጋ ይጠይቃል። በታቦር ተራራ ግርጌ ወዳለችው የኪራይ ክፍሏ የሚወስደው መንገድ ጨለማ ነው። እንግዲህ የጥንቱ ሕግ እዚህ ደጃፍ ላይ ይጠየቅ። የመሸበት ማን ነው? ምሽቱን ሙሉ «እንግዳ» ሲባል ያመሸው ሰው ቤቱ ገብቷል። የመሸባት ስታስተናግድ ያመሸችው ናት።

«ይህ የአሠሪው ጉዳይ እንጂ የተመጋቢው አይደለም» የሚል ይኖራል። ድርሻው ከሁሉ የሚበልጠው አሠሪው መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የጥንቱ የቤት ጌታ መንገደኛውን ያስመሸው እርሱ አልነበረም፤ ቢሆንም በሩን ከፈተለት። የመጨረሻዋን ጠርሙስ ይዞ ከመዝጊያው ሰዓት በኋላ የተቀመጠው ደንበኛ ግን አስተናጋጇን ያስመሻት ራሱ ነው። ላላስመሸው ሰው ደጁን ይከፍት የነበረ ሕዝብ፣ ላስመሸው ሰው ግዴታ የለብኝም ሊል እንዴት ይችላል?

በዚህ ረገድ ኪነ ጥበብም ድርሻ አለው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃን ሌሊት በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ሲጽፍ፣ ሌሎች ሲጠቀሙበት ብቻ ይታይ የነበረውን ዓለም በውስጡ በሚኖሩት ዓይን እንዲታይ አድርጓል። የሐዋሳ ምሽትም በሐይቁ ላይ ከሚያብረቀርቀው መብራት ባሻገር፣ ከወጥ ቤቱ በኩል የሚመለከተው ደራሲ፣ ሠዓሊና የዜማ ሰው ይሻል።

አዲስ ምግብ ቤት መከፈቱ መልካም ነው። ለዓሣ አጥማጁ ገበያ፣ ለወጣቱ ሥራ፣ ለደከመው ማረፊያ ይሆናል። መልካምነቱ የሚለካው ግን ሪባኑ በተቆረጠበት ሰዓት ሳይሆን በሩ በሚዘጋበት ሰዓት ነው። አሠሪው የሌሊቱን መጓጓዣ ከደመወዝ እኩል ቢያስብ፣ ከተማይቱ ከሐይቁ ዳር መንገድ ሌላ የሠራተኞቿንም መንደር መንገድ ብታበራ፣ ተመጋቢውም ከመቀመጫው በጊዜ ቢነሣ፣ የቀደመው ሕግ በአዲሱ ቤት ውስጥ ይኖራል። ቤት የእግዚአብሔር ነው ሲሉ የኖሩ ሰዎች፣ ሌሊቱም የአንድ ወገን ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ይገባቸዋል።