አገልግሎቱን የፈጸመ ቅርጽ

አንድ ነገር የተሠራበት ምክንያት ካለፈ በኋላ መልኩን ብቻ ጠብቆ ማቆየት እውነት ነውን ወይስ ሐሰት? ይህን ጥያቄ ሊቃውንት በቃል ብቻ ሲከራከሩበት ይኖራሉ፤ የአባቶቻችን ግንብ ግን በሥራ መልሶታል።

በላስታ፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን ባለ ዋሻ ውስጥ፥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ የሆነው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ እንዳሠራው ይነገራል፤ ዘመኑም 12ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። ግድግዳው አንዱ ረድፍ እንጨት፥ አንዱ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ የተደራረበ ነው።

ይህ አሠራር ከአክሱም ዘመን የወረደ ነው። የጥንቱ ግንበኛ ትንንሽ ድንጋይ በጭቃ እያያዘ ሲገነባ፥ ግንቡ እንዳይሰነጠቅ በየመካከሉ ረጅም እንጨት ያጋድም ነበር፤ የውስጡንና የውጭውንም ፊት በአጫጭር እንጨት ያያይዝ ነበር። የዚህም እንጨት ጫፍ ከግንቡ ወደ ውጭ ብቅ ስለሚል «የዝንጀሮ ራስ» ተባለ፤ በደብረ ዳሞ እስከ ዛሬ ይታያል። እንግዲህ እንጨቱ አስቀድሞ አገልጋይ እንጂ ጌጥ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ወደ ላሊበላ ተሻግረን ቤተ አማኑኤልን እንመልከት። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ስለ ሆነ የሚያያይዘው እንጨት አያስፈልገውም። ዳሩ ግን ጠራቢው የውጭውን ግድግዳ አንዱን ረድፍ ገባ፥ አንዱን ረድፍ ወጣ እያደረገ እንጨትና ድንጋይ የተደራረበ አስመሰለው፤ በመስኮቱም ማዕዘን የእንጨቱን ጫፍ በድንጋይ ቀረጸ።

ምናልባት አንድ ተከራካሪ «ድንጋይ እንጨት ነኝ ቢል ሐሰት አይደለምን?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ሐሰት የሚባለው ለማታለል የተደረገ እንደ ሆነ ነው። አለቱን አይቶ እንጨት የመሰለው ሰው የለም፤ ቅርጹም የማይሸከመውን ሸክም እሸከማለሁ አላለም። ደካማ ግንብ ሠርቶ ጽኑ እንዲመስል ከላይ ቀለም የሚቀባ ሰው ግን፥ በዚያ ግንብ ሥር የሚቀመጠውን ያታልላል። እንግዲህ መለያው ይህ ነው፤ ቅርጹ እመኑኝና ተደገፉብኝ ይላልን? ወይስ ከማን እንደ ተወለድሁ አስቡ ይላል?

አንጥረኛ በሰም ቀርጾ ወርቅ ሲያፈስስ ሰሙ ቀልጦ ይሄዳል፤ ወርቁ ግን የሰሙን መልክ ይዞ ይቀራል። በላስታም እንጨቱ ሄደ፥ መልኩ በአለት ቀረ። ቅኔን ሰምና ወርቅ ያሉ አባቶች ይህን ምሥጢር ያውቁታል።

ዳሩ ግን አደጋ አለበት። የእንጨቱን ሥራ የማያውቅ ሰው ቤተ አማኑኤልን ቢያይ የሚያየው ሽንትር ብቻ ነው። ሥርዐትም፥ ማዕርግም፥ የአባት ስምም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱን የሚያስተምር ሲጠፋ ወራሹ መልኩን ብቻ ታቅፎ ይቀራል፤ ወይም ትርጉም የሌለው መስሎት ያፈርሰዋል። ስለዚህ ቅርጹን የተረከበ ሁሉ ምክንያቱንም የመጠየቅ ዕዳ አለበት፤ ያወቀም ለልጁ የመንገር። አለቱ መልኩን ሊጠብቅልን ይችላል፤ ምክንያቱን ግን ሊነግረን አፍ የለውም።