ታጥቀሽ ተነሺ፤ ለለንደን መንገደኛ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ ለንደንን ለማየት ቆርጠሽ መነሳትሽን እናትሽ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። ሰው የራሱን አገር እየወደደ የሰውን አገር ማየቱ መልካም ነው። ነገር ግን አባቶች “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይላሉ። በመምህርት ደመወዝ ውድ ከተማ የሚገባ ሰው መቀነቱን ማጥበቅ ያለበት ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ለንደን ከደረሰ በኋላ ልቆጥብ ያለ ሰው ከሆዱና ከእንቅልፉ በቀር የሚቀንሰው ነገር አያገኝም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ያሰበበት ግን ሳይራብና ሳይጨነቅ ይቆጥባል። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ የዚህ የአንድ ነገር ዝርዝር ነው።

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ነውና ከሥሩ እንጀምር። ለምን ትሄጃለሽ? ሳታይ ብትመለሺ የሚቆጭሽን ሦስት ነገር ብቻ በደብተርሽ ጻፊ። ለእነዚያ ሦስቱ አትሰስቺ፤ በሌላው ሁሉ ግን ጨክነሽ ቀንሺ። “እዚያ ድረስ ከሄድኩ አይቀር ፓሪስንም ልይ” የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። የእንግሊዝ ቪዛ ፈረንሳይ አያስገባም፤ ለዚያ ሌላ ቪዛ፣ ሌላ ክፍያና ሌላ ደጅ መጥናት ያስፈልጋል። አንዷን ከተማ በደንብ እያት።

ቀጥሎ ገንዘቡ ነው። ሒሳብሽን በፓውንድ ሥሪ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የብር ዋጋ ምን ያህል እንደወረደ ታውቂያለሽ፤ ዛሬ በብር የተሠራ ዕቅድ ከስድስት ወር በኋላ ላይበቃ ይችላል። ደብተርሽን በአምስት ክፈይው፦ ቪዛ፣ ትኬት፣ ማደሪያ፣ መጓጓዣ፣ ምግብ። ከዚያ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን ለብቻ አስቀምጪና እንደሌለ ቁጠሪው፤ እሱ የክፉ ቀን ነው። የአክስትሽ ልጅ “አንቺ ብቻ ነይ፣ እኔ አለሁ” ቢልሽ አመስግኚው፤ ሒሳብሽ ውስጥ ግን አታስገቢው። በእጅሽ ያልገባ ገንዘብ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ነው። ለሽርሽር ብለሽም አትበደሪ። “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” የተባለው ለዚህ ነው፤ ዓመቱ ቢገፋ ምን አለበት? ለንደን የትም አትሄድም።

የውጭ ምንዛሪውን ከባንክ ግዢ። ፓስፖርትሽን፣ ቪዛሽንና ትኬትሽን ይዘሽ ስትቀርቢ ባንክ ለመንገደኛ ይሸጣል። ደረሰኙን ከፓስፖርትሽ ጋር ያዢ።

ቪዛውን በጊዜ ጀምሪ። ማመልከቻው ከጉዞው ቀን ሦስት ወር ቀደም ብሎ ሊገባ ይችላል፤ አሻራ ከሰጠሽ በኋላ መልሱ በተለምዶ በሦስት ሳምንት ገደማ ይመጣል። ክፍያው ከመቶ ፓውንድ በላይ ነው፤ ቢከለክሉሽም አይመለስም። ስለዚህ ቪዛው ሳይያዝ ትኬት አትግዢ። የሚፈልጉት ነገር ግልጽ ነው፦ በምን ገንዘብ እንደምትሄጂ፣ የት እንደምታድሪ፣ ለምን ተመልሰሽ እንደምትመጪ። ከትምህርት ቤትሽ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ደመወዝሽ በየወሩ ሲገባ የሚያሳይ የባንክ መግለጫ፣ በአማርኛ የተጻፈው ወረቀት ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይቅረብ። ዕቁብ ደርሶሽ ብዙ ብር ባንድ ቀን ባንክ ካስገባሽ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ከዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ በተጻፈ ወረቀት አስረጂ፤ ያለዚያ ከሰው ተበድራ ያሳየችው ነው ይሉሻል። “ሒሳብሽ ላይ ብር አስገብተን እናሳይልሻለን” የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጊበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በሐሰት ማስረጃ የተገኘ ሰው ለአሥር ዓመት ሊታገድ ይችላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና ያለሽን ብቻ አሳዪ።

ወቅቱን ስትመርጪ የብርሃንን ነገር አስቢ። ትኬት የሚወደደው የእነርሱ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ፣ እንዲሁም በገናቸው ሰሞን ነው። ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ይረክሳል። ነገር ግን በታኅሣሥና በጥር ለንደን ላይ ፀሐይ ከቀኑ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ግን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ትቆያለች። ወጪና ብርሃን የሚታረቁት በሚያዝያና በመስከረም መጨረሻ ነው። በእረፍትሽ ምክንያት በክረምት መሄድ ግድ ከሆነብሽ ደግሞ ሌላ ብልኀት አለ፤ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ስለሚያሰናብቱ ማደሪያ ክፍሎቻቸውን ለመንገደኛ ያከራያሉ። ንጹሕ ናቸው፣ ከሆቴልም ይረክሳሉ።

ትኬት ላይ ዋጋውን ብቻ አትይ። በቀጥታ ከቦሌ እስከ ለንደን ሄትሮ አየር ማረፊያ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። በዱባይ ወይም በዶሃ ዞሮ የሚሄደው አንዳንዴ ይረክሳል፤ ነገር ግን መሐል ላይ ሌሊቱን ሙሉ ካስቀመጠሽ የምትበይውና የምትጠጪው ትርፉን ይበላዋል። ሻንጣ ለብቻው የሚያስከፍል ትኬትም አለና ጠይቂ፤ ከመጠየቅ ደጃዝማችነት ይገኛል። ስምሽ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ፤ የአያትሽን ስም አትተዪ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ አደራ እልሻለሁ፤ ሰዓቱን። ትኬቱ “ኖቬምበር 14፣ 01:15” ቢል፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 7 ሰዓት ከ15 ነው። ፈረንጅ ቀኑን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ አንቺ ከቤት የምትወጪው ኖቬምበር 13፣ በእኛ ኅዳር 4 ማታ ነው። ማታ 4 ሰዓት ቦሌ መድረስ አለብሽ። ኅዳር 5 ማታ ሻንጣውን ጎትቶ የመጣ መንገደኛ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሞልቶታል። 01:15ን የጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ መስሎት በማግስቱ ጠዋት የሚደርስም ስድስት ሰዓት ዘግይቷል። ስለዚህ ትኬቱን በገዛሽ ዕለት የመነሻውን ማታ በእኛ ቀንና በእኛ ሰዓት ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ የሚሸኝሽም ሰው ያንብበው።

ሻንጣሽን በተመለከተ ዘመድ ሁሉ “ትንሽ ነገር ናት” እያለ ይመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ፣ ለአንድ ሰው ግን ሸክም ነው። ከስንት ኪሎ በላይ እንደማትቀበዪ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ተሰፍቶና ተጠቅልሎ የመጣ፣ ውስጡን ያላየሽውን ዕቃ ደግሞ ከማንም አትቀበዪ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ እንግሊዝ አገር አይገባም፤ ከእኛ አገር የሚሄድ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ የተከለከለ ነው። እናትሽ ደክማ ያነጠረችው ቅቤ ጉምሩክ ላይ ሲጣል ማየት ያሳዝናል። በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ያዢ፤ በሶው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቁርስ ይሸፍንልሻል።

ዘመድ ቤት ለማረፍ ካሰብሽ የለንደን ቤት ጠባብ መሆኑን አትርሺ። ሰው በፈረቃ ይሠራል፣ ሳሎኑ የልጆች መኝታ ሊሆን ይችላል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ አጠያየቅሽ እምቢ ለማለት በር ይክፈትላቸው። “ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አራት ሌሊት ሳሎን ብተኛ ይከብዳችኋል? ካልተመቸ ሌላ ማደሪያ ይዣለሁ” በያቸው። እሺ ካሉሽ የአራት ቀን አስቤዛ ግዢላቸው፣ ሳህን እጠቢ፣ በተባለው ቀን ውጪ። ያን ጊዜ የሚቀጥለውም ዘመድ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀዋል።

ከደረስሽ በኋላ “የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ” ነው፤ የከተማው ሰው በሚሄድበት ሂጂ። ከሄትሮ ፓዲንግተን በሩብ ሰዓት የሚያደርሰው ፈጣን ባቡር ለችኩል ሰው ነው። የፒካዲሊ መስመር የምድር ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ዋጋው ግን ከፈጣኑ ባቡር መደበኛ ዋጋ ሩብ ገደማ ነው። አውቶቡሶቹ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ኦይስተር የሚባለውን ካርድ ወይም ንክኪ አልባ የባንክ ካርድ ያዢ። በ2023 እ.ኤ.አ. የአውቶቡስ ዋጋ 1.75 ፓውንድ ነበር፤ ከከፈልሽ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ የፈለግሽውን ያህል አውቶቡስ ብትቀያይሪ ደግሞ አይጠይቅሽም። በቀን የምትከፍይው ጣሪያ ስላለው ከዚያ በላይ አይቆርጥብሽም፤ ሁልጊዜ ግን በዚያው በአንዱ ካርድ ክፈዪ። በምድር ባቡር ስትገቢም ስትወጪም ካርዱን ማስነካት አትርሺ፤ ስትወጪ ካላስነካሽ ከፍተኛውን ዋጋ ይወስዳል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያለው ሠራተኛ የሚጋፋበት ውድ ሰዓት ነው፤ ቁርስሽን ረጋ ብለሽ በልተሽ ውጪ። በግፊያ ውስጥ ቦርሳሽን በፊት ያዢ፤ ቤትህን ሳትዘጋ ሰውን ሌባ አትበል ተብሏል።

አሁን ወደ ደስታው እንምጣ። ለንደን ለማደሪያ ውድ፣ ለዓይን ግን ቸር ከተማ ናት። በ1753 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ትራፋልጋር አደባባይ ያለው ብሔራዊ የሥዕል ቤት፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ሁሉም ቋሚ ስብስባቸውን በነጻ ያሳያሉ። ዌስትሚንስተር አቢይን ለመጎብኘት የሚከፈለው ወደ 30 ፓውንድ ይጠጋል፤ በአብዛኛው ቀን ግን በእኛ 11 ሰዓት ላይ በዜማ የሚደረገው የሠርክ ጸሎት ለሁሉም ክፍት ነው፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም። ቀደም ብለሽ ተሰለፊ፣ ስልክሽን ዝጊ፣ ፎቶ አታንሺ። የሚገባው ለጸሎት ነውና በአክብሮት ተቀመጪ፤ ነገሥታት የተቀቡበትን ቤት በዜማ ውስጥ ሆነሽ ታዪዋለሽ።

በደብተርሽ ከጻፍሻቸው ሦስት ነገሮች አንዱ የመቅደላ ነገር ይሁን። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ የወሰደው ቅርስ ብዙው እዚያ ነው። የወርቁ ዘውድና ጽዋ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። 11 ጽላቶች ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አሉ፤ ለእይታ አይቀርቡም፣ መቅረብም የለባቸውም። ከመሄድሽ በፊት በየሙዚየሙ ድረ ገጽ የትኛው ቅርስ ለእይታ እንደወጣ ፈልጊ፤ ከብራናዎቹም በኢንተርኔት የሚታዩ ካሉ እዚሁ ሆነሽ ልታዪያቸው ትችያለሽ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ገና በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀብሯል። አስተማሪ ነሽና ይህን አይተሽ ለተማሪዎችሽ መንገር ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። የቧንቧው ውኃ ንጹሕ ነው፣ ጠርሙስሽን እየሞላሽ ሂጂ። ምሳሽን ከሱፐርማርኬት ግዢና ፓርክ ተቀምጠሽ ብዪ፤ ምግብ ቤት ከገባሽ የአገልግሎት ተብሎ የሚደመረውን በሒሳቡ ላይ አንብቢ። በጤና ላይ ግን አትቆጥቢ፣ የጉዞ መድኅን ግዢ። ድንገተኛ ክፍል የሚደረግልሽ የመጀመሪያ ሕክምና ባያስከፍልም፣ ከተኛሽ እንግዳ የሚጠየቀው የሕክምናው ዋጋ አንድ እጥፍ ከግማሽ ነው።

ስጦታ የሚጠብቅብሽ ሰው ብዙ ነው። ከመሄድሽ በፊት “ለማየት ነው የምሄደው፣ ለመሸመት አይደለም” ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። ለእናትሽና ለአባትሽ ብቻ አንድ አንድ ነገር አምጪ፤ ሌላው ወሬሽን ይስማ።

በየማታው ያወጣሽውን ሳንቲም ሳይቀር በደብተርሽ መዝግቢ። ስትመለሺም ደብተሩን አትደብቂው፤ ከአንቺ በኋላ ለሚሄደው ባልደረባሽ ስጪው። ከእኛ ሰው ብዙው የሚከስረው ቀድሞ የሄደው ስለ ዋጋው ደብቆ ስለ ድምቀቱ ብቻ ስለሚያወራለት ነው። አንቺ ስንት እንዳወጣሽ፣ የት እንደተረፈሽና የት እንደጎደለሽ እውነቱን ንገሪው። መንገድሽን እግዚአብሔር ያቅናልሽ፤ በሰላም ሄደሽ በሰላም ግቢ።