አንቺስ ይዞሽ ያውቃል?

ሽሮ ሜዳ፣ ቡና ላይ ነን። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን ጫት ይዛ ብናያት «ለልጅሽ እንኳ አታዝኚም?» አልኳት። «አንቺስ ሱስ ይዞሽ ያውቃል?» ብላኝ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ቡናውንም የእርግዝና ክትትሉንም ተወች፤ ጫቱን ግን አልተወችም።

ጫት የፅንሱን ክብደት እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ግን እውነት የያዘ ሁሉ መካሪ ይሆናል እንዴ?

በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ እናቶች፣ እንደነሱ ያሉ ነፍሰ ጡሮች መድኃኒት እንዳያቋርጡ በየጤና ጣቢያው ያበረታቱ ነበር። ሐኪሙን አልተኩም፤ «እኔም አልፌበታለሁ» የሚለውን ቃል ግን ሐኪሙ አልነበረውም።

ከሱስ የወጣች እናት በሰፈራችን አትጠፋም፤ እኛን ፈርታ ግን ያለፈችበትን ትደብቃለች። ሸማኔ ጎረቤቶቻችን እንኳ ድር ሲበጠስ ይቀጥላሉ እንጂ ሸማውን አይጥሉም።