የአራቱ ሣጥኖች አንድምታ

ከየመን መጥቶ በሀገራችን የተጠመቀው፥ በደብረ ሊባኖስ መንኵሶ በኋላም በዚያው ገዳም ለእጨጌነት የበቃው አባ ዕንባቆም፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1553 ዓ.ም.፥ የበረላምንና የይዋስፍን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰ። መናኙ በረላም ለንጉሥ ልጅ ለይዋስፍ ከመሰለለት ምሳሌ አንዱን በራሴ ቃል ልተርከውና፥ በትርጓሜ ቤት ወግ አንድም አንድም እያልን እንሂድበት።

ታሪክ፤ አንድ ታላቅ ንጉሥ በወርቅ ሠረገላ ተቀምጦ ሲሄድ፥ ጾም ያከሳቸው፥ ፊታቸው የገረጣ፥ ቡትቶ የለበሱ ሁለት ሰዎች አገኘ፤ ከሠረገላውም ወርዶ በምድር ላይ ወድቆ እጅ ነሣቸው፥ ተነሥቶም አቅፎ ሳማቸው። መኳንንቱ ይህ ነገር የዘውዱን ክብር ያዋረደ ስለ መሰላቸው አጕረመረሙ። ንጉሡም አራት ሣጥኖች አሠርቶ፥ ሁለቱን በወርቅ አስለብጦ የበሰበሰ የሙታን ዐፅም ጨመረባቸው፤ ሁለቱን ቅጥራን አስቀብቶ ዕንቍና ሽቱ ሞላባቸው፤ ከዚህ በኋላ መኳንንቱን ጠርቶ ዋጋቸውን ተምኑልኝ አላቸው። እነርሱም የወርቁን አስወደዱ፥ የቅጥራኑን አረከሱ። ሲከፈቱ ግን ከወርቁ ክርፋት፥ ከቅጥራኑ መዓዛ ወጣ።

ሐተታ፤ ለጊዜው በወርቅ የተለበጡት ሣጥኖች ባለጸጎችና ሹማምንት፥ ቅጥራን የተቀቡት መናንያን ናቸው። ምነው ቢሉ፥ የእነዚያ ልብሳቸው አምሮ ሥራቸው ከርፍቷል፥ የእነዚህ ልብሳቸው ተቀዶ ምግባራቸው ሸቷል። ነቢዩ ሳሙኤልም በእሴይ ቤት የኤልያብን መልክና ቁመት አይቶ የሚቀባው ይህ ነው ሲል፥ የእግዚአብሔር ፍርድ በመልክ እንዳልሆነ ተነግሮት፥ ከበግ ጥበቃ የተጠራውን ብላቴና ቀብቷል።

አንድም፤ ወርቁም ቅጥራኑም በአንድ ሰው ላይ ይገኛሉ። ለበዓል ነጭ ነጠላውን መስቀልያ አጣፍቶ በካዛንቺስ በኩል ወደ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን የሚወርደው ምእመን፥ በዚያች ሰዓት የለበሰው ንጽሕና ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ማታ ነጠላው ሲታጠፍ ከባልንጀራው ጋር የተጣላበት ነገር እንዳለ ይቈየዋል። ቡትቶውም ቢሆን ከዚህ ፍርድ አያመልጥም፤ ጾመኛ መሆናቸው እንዲታወቅላቸው ፊታቸውን የሚያጠወልጉትን ጌታችን በወንጌል ነቅፏቸዋልና። እንግዲያስ ድህነትን ያየ ሁሉ ጽድቅን አየሁ ሊል አይችልም፤ ቅጥራንም ለይዩልኝ ይቀባል።

አንድም፤ ይህን የይዩልኝን ሥር እስላሞች ወገኖቻችን በጥልቅ ቈፍረውታል። በሐዲስ አላህ ወደ መልክና ወደ ሀብት እንደማይመለከት፥ ወደ ልብና ወደ ሥራ ግን እንደሚመለከት ተነግሯል፤ ሥራም የሚመዘነው በኒያ፥ ይኸውም በልብ አሳብ ነው። ለታይታ የሚሠራውን በጎ ሥራ ሪያእ ብለው ታናሹ ሽርክ፥ ይኸውም በፈጣሪ ላይ ማጋራት፥ ያሉትም፥ ሰው ለፈጣሪው የሚገባውን ዓይን ለሰው ሲሰጥ አምልኮውን ከፈለ ብለው ነው። በኒሻፑር ከተማ በ9ኛው ምዕተ ዓመት የተነሡት መላመቲያ የሚባሉት ሱፊዎች እንዲያውም በጎነታቸውን ሰውረው የሰውን ነቀፋ እስከ መሻት ደርሰዋል፤ በእነርሱ ዘንድ የተመሰገነ ሣጥን ሁሉ የሚያስፈራ ነበር። አባ ዕንባቆም ራሱ ለኢማም አሕመድ በጻፈው በአንቀጸ አሚን ስለ ክርስትና ሲከራከር ከቍርአን እየጠቀሰ ነበርና፥ ምሳሌውን ሲመልስ ይህ ንባብ ከአሳቡ የራቀ አይመስለኝም።

አንድም፤ ታሪኩ ከመጣበት ከሕንድ ወገን ሌላ ንባብ አለ። ቤተ መንግሥት ተዘግቶበት ያደገው፥ ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ባየ ጊዜ ዓለምን የናቀው ይዋስፍ፥ በሥሩ ቡድሃ እንደ ሆነ የ19ኛው ምዕተ ዓመት ሊቃውንት አረጋግጠዋል። የቡድሃ ተከታይ ናጋሴና ለንጉሥ ሚሊንዳ ሲያስረዳ፥ መንኰራኵሩም ዘንጉም ለየብቻው ሠረገላ እንዳይደለ፥ እንዲሁ በሰውም ውስጥ እኔ የሚባል ጸንቶ የሚኖር ነገር ተፈልጎ እንደማይገኝ ተናገረ፤ በዚህ ንባብ ሣጥኑ ሲከፈት ዐፅምም ዕንቍም የለበትም። የሂንዱ መጻሕፍት የኡፓኒሻድ መምህራን ግን በተቃራኒው፥ አባት ልጁን ሽቬታኬቱን ጨው በውኃ አስጨምሮ እንዳቀመሰው፥ የማይታየው ባሕርይ በሁሉ ውስጥ አንድ ነው ይላሉ። ሁለቱ አይታረቁም፤ ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነገር ይናገራል የሚለውን አባባል የማልቀበለውም ስለዚህ ነው፤ ተማኞቹ እንደ ተሳሳቱ ሁሉም ይመሰክራሉ፥ በውስጥ ስላለው ነገር ግን ይለያያሉ።

አንድም፤ በእኛ በተዋሕዶ ትምህርት ሣጥኑም ራሱ የሚጣል አይደለም። ትንሣኤ ሙታንን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የምትቈጥር ቤተ ክርስቲያን፥ ሥጋ የነፍስ መሸፈኛ ብቻ ነው ልትል አትችልም፤ ያ የገረጣው ፊት፥ ያ የከሳው ክንድ በመጨረሻው ቀን ይነሣል። ንጉሡን ተመልከት፤ የሰገደውና የሳማቸው ሣጥን ከማሠራቱ አስቀድሞ ነው። ውስጣቸውን ከፍቶ ዕንቍ መኖሩን አላረጋገጠም፤ ቡትቶውን ከነላቡ አቀፈ። ሣጥኖቹ የተሠሩት ለመኳንንቱ ነው፥ ለእርሱ አላስፈለጉትም።

ፍጻሜው ግን፤ ዕዝራ ሱቱኤል ስለ ወገኖቹ መከራ የልዑልን ፍርድ ሊመረምር በወደደ ጊዜ፥ ወደ እርሱ የተላከው መልአክ ኡራኤል የእሳትን ክብደት እንዲመዝን፥ የነፋስን መጠን እንዲሰፍር፥ ያለፈችውን ቀን እንዲመልስ ጠየቀው፤ ዕዝራም አልቻለም። የዚህ መልአክ በዓል በሚውልበት፥ ወር በገባ በ22 ቀን፥ ከቅጽሩ ሥር ጨርቅ አንጥፈው ከተቀመጡት ነዳያን ፊት ጧፍ የገዛ ሰው ቆሞ፥ ሳንቲሙን በጣቶቹ መካከል እንደ ያዘ፥ የአንዱን እጅና እግር በዓይኑ ይመረምራል፤ ይህስ ሠርቶ መብላት የሚችል ነው ብሎ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ያ ሰው ክፉ አይደለም፤ ምጽዋቱ ለተገባው እንዲደርስ ይሻል። ነገር ግን የመኳንንቱን ሥራ እየሠራ ነው፤ በኡራኤል ደጅ ቆሞ፥ ኡራኤል ለዕዝራ እንኳ ያልፈቀደለትን ሚዛን አንሥቷል። በእኔ ፍርድ ከአንድምታዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምሳሌው የለማኙን ውስጥ ልናውቅ አልተነገረንም፥ የተማኙን እጅ ሊይዝ ተነገረ እንጂ።

አንባቢ ሆይ፥ በሚመጣው 22 በዚያ ደጅ ብታልፍ ሳትመረምር ስጥ፤ ከመስጠትህም በፊት ነዳዩን እንዴት አደርህ በለው። ሌላ አንድም ያለህ እንደ ሆነም ከዚህ ላይ ጨምርበት።